አማካይ ፍጥነቱ ለምን 50 ሳይሆን 48 ሆነ?

እህታችን የጠየቀችው፣ ከጅማ አጋሮ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሄዶ በዚያው መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የተመለሰ መኪና አማካይ ፍጥነቱ ለምን 50 ሳይሆን 48 እንደሚሆን ነው። እዚህ ጅማ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችን ፊዚክስ ሳስጠና ብዙ ያከራከረን ይኸው ጥያቄ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

አማካይ ፍጥነት የሚገኘው ጠቅላላውን ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ በማካፈል ነው። 60ን እና 40ን ደምሮ ለ2 ማካፈል የሚያስኬደው መኪናው በሁለቱም ፍጥነቶች እኩል ጊዜ ከተጓዘ ብቻ ሲሆን፣ እዚህ ግን እኩል የሆነው ርቀቱ እንጂ ጊዜው አይደለም። የአንዱ ጉዞ ርቀት 45 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፣ መሄጃው 45 ደቂቃ፣ መመለሻው 67.5 ደቂቃ ይፈጃል። መኪናው በዝግታ የተጓዘበት ጊዜ ስለሚበልጥ ውጤቱ ወደ 40 ያዘነብላል፤ 90 ኪሎ ሜትር ለ1.875 ሰዓት ሲካፈልም 48 ይመጣል። በ45 ፈንታ 120 ብታስገቢ መልሱ ያው ነው፤ እንዲያውም ርቀቱ ካልተሰጠ ለሁለቱም ፍጥነቶች ያለ ቀሪ የሚካፈል ቁጥር መምረጥ ሥራውን ያቀላል። የፍጥነቶቹን ብዜት እጥፍ ለድምራቸው የማካፈሉን አቋራጭ ቀመር ግን ለጀማሪ አልመክርም፤ ተማሪዎች ርቀቶቹ እኩል ባልሆኑበት ጥያቄ ላይም ይጠቀሙበታልና።

መኪናው መንገድ ላይ ለሻይ ቢቆም፣ የቆመበት ደቂቃ ከጠቅላላው ጊዜ አይቀነስም። የተጠየቀው አማካይ ቬሎሲቲ (ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው የቦታ ለውጥ ለጊዜው ሲካፈል) ከሆነ ደግሞ፣ መኪናው ወደ ተነሳበት ስለተመለሰ የደርሶ መልሱ መልስ ዜሮ ነው።

ቀመሩን በሚገባ የያዙ ተማሪዎች እንኳ የሚሳሳቱት ሰዓት ሲያሰሉ ነው። ከጠዋቱ 12፡30 ተነስቶ 2፡15 የደረሰ አውቶቡስ ሲሰጣቸው፣ ከ2፡15 ላይ 12፡30 እንዴት እንደሚቀነስ ግራ ይገባቸዋል። 2፡15 ላይ 12 ጨምሮ 14፡15 ማድረግና ከዚያ መቀነስ ነው፤ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይገኛል። ይህንንም 1.45 ብለው የሚጽፉ አሉ፤ 45 ደቂቃ የሰዓት ሦስት አራተኛ ስለሆነ ትክክሉ 1.75 ነው። አውቶቡሱ የተጓዘው 105 ኪሎ ሜትር ከሆነ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ለ1.45 ያካፈለ ተማሪ ግን ከ72 በላይ ያገኛል። መልሱ በሜትር በሰከንድ ከተፈለገ 60ን ለ3.6 ማካፈል ነው፤ 16.7 ገደማ ይሆናል።