የሕግ ምክር፦ በወንድሜ ድምፅ እናቴን ብር አስላኳት

ጥያቄ፦ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሸዋ በር ነው የምንኖረው። ወንድሜ ሳዑዲ ነው ያለው። ከሦስት ሳምንት በፊት ለእናቴ ስልክ ተደወለላት። የወንድሜ ድምፅ ነው። «እማዬ፣ ፖሊስ ይዞኛል። ዛሬውኑ ካልከፈልኩ ያስሩኛል። ለማንም እንዳትነግሪ» አላት እያለቀሰ። ከዚያ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በድምፅ መልእክት ላከላት። 85 ሺህ ብር አስገባች። ማታ ወንድሜ ከሥራ ወጥቶ ሲደውል ስለ ነገሩ ምንም አያውቅም። ሁልጊዜ «እማ» ነው የሚላት፤ ያን ቀን «እማዬ» መባሏ ትዝ ያላት ኋላ ነው። ሒሳቡ የአንድ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ልጁ «ለጓደኛዬ አውሼው ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ይላል። አጎቶቼ ሄደን እንያዘው እያሉ ነው። እናቴ ደግሞ «በገዛ እጄ ልኬ ምን ብዬ እከሳለሁ» ብላ ቁጭ ብላለች። ድምፁ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ መሆኑን እንዴት ነው የምናስረዳው?

መልስ፦ አይዟችሁ እህቴ። ከእናትዎ ልጀምር፤ ከሁሉ የከበደኝ የእሳቸው ዝምታ ነው። «በገዛ እጄ» የሚለውን ቃል ቢሮዬ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሌባ ባለቤቱ ሳያይ ይወስዳል። አታላይ ግን ባለቤቱን ራሱን ያሰጠዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 የሚቀጣው ይህንኑ ነው፤ ሰውን አሳስቶ ራሱን የሚጎዳ ነገር እንዲያደርግ ማድረግን። እናትዎ ብሩን በእጃቸው መላካቸው ክሱን አያፈርሰውም። ወንጀሉ የሚፈጸመውም እንደዚያ ነው።

ሞኝ ሆንኩም እንዳይሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 አሩፕ የሚባል ትልቅ የምህንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ የፋይናንስ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ አለቃውንና ባልደረቦቹን እያየ፣ እየሰማ፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስተላልፏል። ስብሰባው ላይ ያያቸው ሰዎች በሙሉ በማሽን የተሠሩ ነበሩ። ሥራው ገንዘብ የሆነ ሰው እንዲህ ከተታለለ፣ ልጄ ታሰረ ብላ የደነገጠች እናት ምን ትፍረድ?

አሁን ወደ ድምፁ። ከቲክቶክ ቪዲዮ ወይም ከድምፅ መልእክት ጥቂት ሴኮንድ ወስዶ ድምፅ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ። ግን ድምፁ በማሽን መሠራቱን ካላስረዳን ክሱ አይቆምም ብላችሁ ከሆነ፣ ያንን ጭንቀት ተዉት። ማሽንም ይሁን ጎበዝ አስመሳይ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ማታለሉን ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 10ም እንደዚያው ነው፤ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። እናንተ የምታስረዱት የደወለው ወንድምዎ አለመሆኑን ነው። ይሄ ደግሞ ቀላል ነው። ወንድምዎ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበረ ከአሠሪው የተጻፈ ማስረጃ፣ የዚያን ቀን የስልኩ የጥሪ ዝርዝር፣ የራሱ ቃል። እነዚህን ዛሬውኑ ያሰባስብ።

የእናትዎን ስልክ ማንም አይነካካው። የድምፅ መልእክቱ እዚያው ይቆይ፤ ወደ ሌላ ስልክ ልካችሁ ዋናውን እንዳታጠፉት። የባንኩን ደረሰኝ ያዙ። በአዋጁ መሠረት የስልክ አገልግሎት ሰጪው ማን ለማን መቼ እንደደወለ የሚያሳየውን መረጃ ቢያንስ ለ1 ዓመት ማቆየት አለበት፤ ስለዚህ ሦስት ሳምንት አልመሸም። የባንክ ካሜራ ቅጂ ግን ያን ያህል አይቆይም። ብሩን ማን እንዳወጣ የሚያሳየው እሱ ነውና ፖሊስ ቶሎ እንዲጠይቅ በማመልከቻችሁ ላይ ጻፉት። የሌላ ደንበኛ ሒሳብ ዝርዝር ባንኩ ለእናንተ አይሰጥም፤ በፖሊስና በፍርድ ቤት በኩል ነው የሚወጣው። ለባንኩም በጽሑፍ አሳውቁ፤ የቀረ ብር ካለ የማሳገዱ ነገር በዚያው ይጀመራል።

ልጁ «አውሼው ነው» ማለቱ የሚያወጣው አይመስለኝም። በወንጀል መጠየቁ፣ ነገሩን ያውቅ ነበር ወይ በሚለው ላይ ይንጠለጠላል። ስንት ደረሰው? ካርዱን ለማን ሰጠ? ይህን መርማሪው ይጠይቀው። በፍትሐ ብሔር ግን ብሩ የገባው በእሱ ሒሳብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2164 የማይገባውን የከፈለ ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። የወንጀል ክስ ከተከፈተም ካሳውን እዚያው መዝገብ ላይ መጠየቅ ይቻላል፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154ን ይመልከቱ።

አጎቶችዎን ግን እባክዎ ያስቆሙልኝ። በሃረጎ መንገድ ኮምቦልቻ ወርደው ልጁን ቢይዙት፣ ቢመቱት፣ ተከሳሾቹ እነሱ ይሆናሉ። የልጁ ቤተሰብ ሽማግሌ ቢልክ እንቢ አትበሉ። የብሩን ነገር ሽማግሌ ሊጨርሰው ይችላል። የወንጀሉ ክስ ግን በዕርቅ ብቻ አይቋረጥም፤ «ክሱን እናነሳለን» ብላችሁ አትፈርሙ።

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ እናትዎ ራሳቸው ይናገሩ፣ እርስዎ አጠገባቸው ይቀመጡ። ቃላቸው ተጽፎ ሲያልቅ ይነበብላቸዋል። «እማዬ» አለኝ፣ ልጄ «እማ» ነው የሚለኝ ያሉት ሳይጻፍ ከቀረ፣ ከመፈረማቸው በፊት እንዲገባ ይጠይቁ።