ነርስነት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ናችሁ። ነርስ ሆኜ ስሰራ 14 ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ጣና ዳር ጤና ጣቢያ ነበርኩ፣ አሁን ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድንገተኛ ክፍል። "ስለ ሙያው የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ጎርፍ ሆነ። ዛሬ ከናይት (ከሌሊት ተራ) ወጥቻለሁ፣ ቡናም ፈልቷል፣ እስኪ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። የታካሚም የመስሪያ ቤትም ስም አልጠራም።

ሲስተር፣ 12ኛን ጨርሻለሁ። ነርሲንግ ልሞላ ነው ስል አባቴ "ወንድ ልጅ ሆነህ የሰው ገላ ልታጥብ?" አለኝ። ምን ልበለው?

አባትህን አትቆጣው ወንድሜ። ዘመድ ሊጠይቅ ሆስፒታል ሲሄድ አብረኸው ሂድና ዋርዱን ይይ። በእኔ ተራ ከምንገባው ግማሾቹ ወንዶች ናቸው፣ ታካሚው "ብራዘር" እያለ ሲጠራቸው ነው የሚውለው።

ገላ ማጠቡ እውነት ነው፣ አልደብቅህም። ግን ስታጥብ ነው ወገቡ ላይ ሊወጣ ያለውን የመተኛት ቁስል የምታየው። አንዱ እግሩ ከሌላው ማበጡን የምታየውም ያኔ ነው። ዶክተሩ በቀን አንዴ ሁለቴ ዞሮ ይሄዳል፣ ሌላውን ሰዓት አልጋው አጠገብ ያለኸው አንተ ነህ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ እንኳ በስደት እንግሊዝ ሳለች የተማረችው ነርስነት ነው፣ ለንደን ካለ የሕፃናት ሆስፒታል በ1931 ተመርቃ። ይህን ንገረውማ።

እኔ የምፈራልህ ሌላ ነው። "ሕክምና ስላልደረሰኝ" ብለህ ብቻ ከሆነ የምትገባው ቆም ብለህ አስብ። እንዲህ ብለው ገብተው ሙያውን የወደዱ አውቃለሁ፣ በየቀኑ አኩርፈው የሚሰሩም አውቃለሁ። ኩርፊያው ደግሞ የሚያርፈው ታካሚው ላይ ነው።

ዲፕሎማ ይሻለኛል ዲግሪ? የግል ኮሌጅስ?

ውጤትሽ ከፈቀደ ዲግሪውን። ካልፈቀደ ዲፕሎማውን፣ ማለትም ደረጃ 4 ገብተሽ፣ ሰርተሽ፣ ኋላ ማሳደግ ይቻላል፣ እኔም የመጣሁት በዚያው መንገድ ነው። የግል ከሆነ ብር ከመክፈልሽ በፊት ለነርሲንግ የዕውቅና ፈቃድ ያለው መሆኑን አጣሪ። ለኮሌጁ ሳይሆን ለነርሲንጉ፣ በዚያ ካምፓስ። ቀጥለሽ እዚያ የሚማሩትን "ልምምድ የት ነው የምትወጡት? አንድ አልጋ ስንት ሆናችሁ ትከባላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። 15 ተማሪ አንድ ታካሚ ከቦ ከኋላ የቆመው ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ሲገባ ሳያይ ይመረቃል። ዲግሪ ከሆነ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ለደረጃ 4 ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና። ሁለቱም ለመጨረሻው ወር የሚተው አይደሉም።

ከተቀጠርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ባለፈው ናይት ላይ ታካሚ ሞተብኝ። ከዚያ ወዲህ የዱቲ (የስራ ተራ) ሰዓት ሲደርስ ሆዴ ይረበሻል። ስራው አይሆነኝም ማለት ነው?

አይደለም እህቴ። ይህን ጥያቄ ሦስቴ አነበብኩት።

የእኔ የመጀመሪያው ከሐይቁ ማዶ የመጡ አባት ነበሩ። በጀልባ አምጥተዋቸው፣ ከወደቡ በባጃጅ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አረፉ። ሊያድናቸው የሚችለውን ሁሉ ሞክረን ነበር። እኔን የሰበረኝ ሞታቸው ብቻ አልነበረም። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ጋቢ አንጥፋ ተኝታ ነበር፣ ፔርሙዙ ራስጌዋ። እግሬን ሰምታ ብድግ አለችና "ሲስተር፣ ነቁ እንዴ? አጥሚቱ ትኩስ ነው" አለችኝ። ክዳኑን መክፈት ጀመረች። እኔ ቃል ጠፋኝ። "ትንሽ ቆዪ" ብዬ ሄድኩ። መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የነገራት ሌላ ሰው ነው።

እስካሁን የሚቆጨኝ ያ "ትንሽ ቆዪ" ማለቴ ነው። ዛሬ ቢሆን ፔርሙዙን ከእጇ ተቀብዬ አጠገቧ እቀመጥ ነበር፣ ዘመድ ካላት አስጠርቼ ከሐኪሙ ጋር አብረን እንነግራት ነበር። "አረፉ" ብሎ በግልጽ መንገር ነው፣ "ደከም ብለዋል" እያሉ ማንጠልጠል ጭካኔ ነው።

ላንቺ የምለው፦ ከምታምኛት ሲኒየር ጋር ቁጭ በይና ያን ሌሊት ከካርዱ ጋር ከመጀመሪያው እንደገና ሂዱበት። ምን ታየ፣ ምን ተሰጠ፣ ማን ተጠራ፣ በስንት ሰዓት። ብዙ ጊዜ ያጠፋሽው የመሰለሽ ነገር ጥፋት እንዳልሆነ ታገኚዋለሽ። እውነት ያመለጠሽ ነገር ካለም ስሙን ታውቂዋለሽ፣ ስሙ የታወቀ ነገር ደግሞ እንደዚያ አያስፈራም። ለጥቂት ጊዜ ከሰው ጋር የምትገቢበት ዱቲ እንዲሰጥሽ ሄድ ነርሷን (የክፍሉን ነርሶች ኃላፊ) ጠይቂ። እንቅልፍ ከከለከለሽና ሳምንታት ካለፉ ግን አእምሮ ጤና ክፍል ሄደሽ ታይ። ለታካሚ የምንመክረውን ለራሳችን አንከልክል።

መርፌ ወጋኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት ማታ ነው።

አሁኑኑ ተነሺ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ሂጂ ብል ደስ ይለኛል።

ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁ። መርፌ ሲወጋ ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። መጭመቅ የለም፣ በረኪና መድፋት የለም። ከዚያ ለኃላፊ ተናግሮ መመዝገብና የመነሻ ምርመራ ማድረግ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው ጥሩ፣ 72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም፣ የሚወሰደው 28 ቀን ነው። አንቺ ገና ጊዜ አለሽ። ቫይረሱ ካለበት ሰው በመርፌ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ወደ 3 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጨለማ አይምሰልሽ። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ሄፓታይተስ ቢ ነው፣ ላልተከተበ ሰው አደጋው በብዙ ይበልጣል። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። ሁለቱን ወስደን ሦስተኛዋን የረሳን ስንት ነን?

እኔን የወጋኝ የመርፌውን ክዳን ልመልስ ስል ነው። ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) ሞልቶ ነበር፣ አዲስ ለማምጣት ሰነፍኩ። የተጠቀማችሁበትን መርፌ አትክደኑ፣ ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ቀይሩት። ደግሞ መወጋት ነውር አይደለም፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስንቱ ልጅ በሀፍረት ነው 72 ሰዓቱን የሚያሳልፈው።

ዶክተር ያዘዘው መጠን በዝቶ ቢታየኝስ? አንዴ ጠይቄ ሰው ፊት ጮኸብኝ።

ይጩህ። መድኃኒቱ የሚወጣው ካንተ እጅ ነው። "ታዝዤ ነው" ማለት ታካሚውን አይመልስም።

አነጋገሩ ግን ለውጥ አለው። "ተሳስተሃል" ሳይሆን "ዶክተር፣ ይህን መጠን አብረን እንየው፣ በዚህ ልክ ሰጥቼ አላውቅም" በለው። የታካሚውን የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የሽንት መጠን ቁጥሩን ይዘህ ሂድ፣ ቁጥር ስትይዝ ጩኸቱ ይቀንሳል። ካልሰማህ አትስጥ፣ ሲኒየር ጥራ፣ የሆነውን ከነሰዓቱ ካርድ ላይ ጻፍ። በተለይ ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ስር አይገፋም። ማንም ይዘዘው፣ ልብ ያቆማል። አንዲት ጀማሪ ልጅ እጇ እየተንቀጠቀጠ "አልሰጥም" ስትል አይቻለሁ። ትክክል ነበረች፣ ያዘዛትም በኋላ መጥቶ አመስግኗታል።

ታካሚው መድኃኒቱን አቋርጦ ጠበል ልሂድ ካለ ምን ይደረጋል?

እዚህ አገር ይህ በየሳምንቱ የሚገጥም ነው። አትከራከሩት። "ጠበል ወይ መድኃኒት" ብላችሁ ካስመረጣችሁት ጠበሉን ነው የሚመርጠው፣ ያኔ እናንተም አጣችሁት። እኔ "አባባ፣ ጠበሉን ይጠመቁ፣ ኪኒኑንም ይዘውት ይሂዱ" ነው የምለው። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ ለምእመኑ በይፋ ተናግረዋል፣ ይህን ስነግራቸው ብዙዎች ፊታቸው ይፈታል። የንስሐ አባታቸውን ስልክ ተቀብዬ የደወልኩበትም ጊዜ አለ። እንደ ቲቢና የሚጥል በሽታ ላለው ሕመም የሚወሰድ መድኃኒት ከተቋረጠ ምን እንደሚመጣ ካህኑ ከተረዱ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያሳምኗቸዋል። የሚሄድበትን ቀን ቆጥራችሁ ለዚያ የሚበቃውን አስይዙት። ቀጠሮውን አስታማሚው ስልክ ላይ ጻፉለት።

ጣና ዳር ገጠር ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። መብራት ይጠፋል፣ ሪፈር በጀልባ ነው ይላሉ። ልቅር?

ሂድ። የተማርኩት እዚያ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባው ቀን ከሌት ይመጣል። ትኩሳት ሁሉ ወባ ይመስልሃል፣ አደጋው እሱ ነው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ወባ ነው ብለን ደም ልንወስድ ስንል የጤና መኮንናችን ሸሚዙን ገልጦ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቆጠረ። 56። ልጁ ዓመት ከመንፈቁ ነው፣ በዚያ ዕድሜ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። የሳንባ ምች ነበር።

ሪፈሩ ነው ከባዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ጀልባ የሚነዱት ራሳቸው እምቢ ይላሉ። ስለዚህ የምታስተላልፈውን ጠዋት ወስን፣ "እስከ ማታ እንየው" አትበል። የሁለት ሦስት ጀልባ ነጂ ስልክ ያዝ። ባትሪህን ሁሌ ቻርጅ አድርግ።

ውጭ አገር መሄድስ?

አልፈርድባችሁም፣ በደመወዛችን የቤት ኪራይ ከፍሎ መኖር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ለዓረብ አገሮቹ የሰነድ ማረጋገጫና ፕሮሜትሪክ የሚባለው የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ለእንግሊዝ የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ ከዚያ በኮምፒውተር የሚሰጠው የነርሲንግ ፈተና፣ እዚያ ስትደርሱ ደግሞ የተግባሩ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ አትውሰዱባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች ስለሆነች የእንግሊዝ ኤጀንሲ እዚህ መጥቶ እንዲመለምል አይፈቀድለትም። ራሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ስለዚህ "እንግሊዝ ላስገባችሁ" ብሎ ቅድሚያ ብር የሚጠይቃችሁን ደላላ ሽሹት። የስራ ልምድ ደብዳቤያችሁን ከእያንዳንዱ ቤት ስትለቁ ያኔውኑ ውሰዱ።

ስፔሻላይዝ ላድርግ ብል የቱን?

የጨቅላ ሕፃናትን ምረጪው እላለሁ፣ የነርስ እጅ እንደዚያ ለውጥ የሚያመጣበት ክፍል አላየሁም። ግፊያና ፍጥነት ከወደድሽ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን። ከአስታማሚ ጭቅጭቅ ማረፍ ከፈለግሽ ኦፕሬሽን ክፍል።

ወገቤ አለቀ።

ብቻህን አታንሳ። አልጋውን ከፍ አድርግ፣ አስታማሚውንም እንዴት እንደሚይዝ አሳይተህ አግዘኝ በለው።

ለመጀመሪያ ቀን ዱቲ ኪሴ ውስጥ ምን ልያዝ?

ሁለት እስክሪብቶ፣ አንዱን ይወስዱብሻል። ትንሽ ደብተር፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ የራስሽ ጓንት ሁለት ጥንድ። የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ደግሞ የግድ ነው፣ ስልክ አይተካውም፣ በጓንት እጅ ስልክ አይነካም። ትንፋሽ ስትቆጥሪ 15 ሰከንድ ቆጥረሽ በ4 አታባዢ። ደቂቃውን ሙሉ ቁሚና ደረቱን እዪ።