ሳይንስ ቢያስቅ ክብሩ ይቀንሳል?

ጥያቄ፦ በጅማ አካባቢ በዩኒቨርሲቲ ስለ ነፍሳት የማስተምር መምህርት ነኝ። ለከተማው ሕዝብ በሚዘጋጅ የሳይንስ ቀን ስለ ወባ ትንኝ እንድናገር ተጋብዣለሁ። ንግግሬን በቀልድ ላዋዛው ብዬ ሳማክር አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ሳይንስን መቀለጃ አታድርጊው» አሉኝ። በሌላው ዓለም ተመራማሪዎች መድረክ ላይ ወጥተው ሕዝብ ያስቃሉ ሲባል እሰማለሁ፤ ነገሩ እንዴት ነው? ቁም ነገሩንስ አያስረሳም?

መልስ፦ የባልደረባዎ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም። ሰው ሲስቅ አምሽቶ በምን እንደሳቀ ሳያስታውስ ወደ ቤቱ የሚገባበት ዝግጅት ሞልቷል። ጥፋቱ ግን የሳቁ ሳይሆን ቀልዱ የገባበት ቦታ ነው። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ቀልድ ለማዋዣ ያህል ጣል ሲደረግ ታዳሚው ቀልዱን ይዞ ሳይንሱን አዳራሹ ውስጥ ጥሎ ይወጣል፤ የሚያስቀው ራሱ ግኝቱ ሲሆን ግን አንዱን ያለ ሌላው ይዞ መሄድ አይቻልም።

ለዚህ የተሻለ ማስረጃ የማገኘው እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ ከሚሰጠው የኢግ ኖቤል ሽልማት ነው፤ ሽልማቱ መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎም የሚያሳስብ ምርምር ላካሄዱ ሰዎች የሚሰጥ ነው። ሥነ ሥርዓቱ ለብዙ ዓመታት በተካሄደበት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳንደርስ ቴአትር ታዳሚው ወደ መድረኩ የወረቀት አውሮፕላን ይወረውር ነበር፤ ያንን ወረቀት ለዓመታት መጥረጊያ ይዘው ሲጠርጉ የኖሩት ሮይ ግላውበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 በፊዚክስ ዋናውን የኖቤል ሽልማት ያገኙ ፕሮፌሰር ነበሩ። ተሸላሚው ንግግሩን ካስረዘመ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ትቀርብና «እባክዎ ያቁሙ፣ ሰለቸኝ» እያለች እስኪያቆም ድረስ ትነዘንዘዋለች። (በየስብሰባችን እንዲህ ያለች ልጅ ብትኖረን ስንቱ የመክፈቻ ንግግር ባጠረ ነበር።)

እ.ኤ.አ. በ2000 ሽልማቱን ከተቀበሉት አንዱ የሆኑት የፊዚክስ ሊቅ አንድሬ ጋይም ሕያው እንቁራሪት በኃይለኛ ማግኔት አየር ላይ አንሳፍፈዋል። ተመልካቹ እንቁራሪቷን አይቶ ይስቃል፤ ሳቁን ሳይጨርስ ግን «እንቁራሪት ብረት አይደለች፣ ታዲያ ማግኔት እንዴት ያነሳታል?» ማለቱ አይቀርም። ውሃ በማግኔት እጅግ በትንሹ ይገፋል፤ የእንቁራሪቷ አካል ደግሞ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ፣ ማግኔቱ በበቂ ከበረታ ያ ትንሽ ግፊት ተደማምሮ ክብደቷን ይሸከማል። ጋይም ከአሥር ዓመት በኋላ በግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ባለው የካርቦን ንጣፍ) ምርምራቸው ዋናውን የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። ባልደረባዎ ስለ ክብር ካነሱብዎ ይህንኑ ይንገሯቸው።

በብሪታንያ ነገሩ ከሽልማት ይልቅ የአዘቦት ልማድ እየሆነ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተጀመረው ብራይት ክለብ ተመራማሪዎች ስለ ገዛ ሥራቸው የስታንድአፕ ኮሜዲ የሚያቀርቡበት ምሽት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በሊድስ ከተማ የተጀመረው ካፌ ሲያንቲፊክ ደግሞ ቀልድ እንኳ አይጠይቅም፤ ተመራማሪው ጥቂት ይናገራል፣ ሰው መጠጡን የሚያስሞላበት ዕረፍት ይሰጣል፣ የቀረው ጊዜ የጥያቄ ነው። እኔን የሚማርከኝ ያ ዕረፍት ነው፤ ምክንያቱም በሰው ፊት እጁን ለማውጣት የሚያፍር ሰው ጥያቄውን መጀመሪያ አጠገቡ ለተቀመጠው ሹክ ብሎ ይሞክረዋል።

ወደ እርስዎ ርዕስ ስመለስ፣ ቀልድ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ዶሮን እንደምትሸሽ አሳይቷል። በጎ ፈቃደኛ በተኛበት ቤት፣ ከትንኝ ወጥመዱ አጠገብ በሽቦ ሳጥን ውስጥ ያለች ዶሮ ተሰቅላ ስታድር፣ ወደ ወጥመዱ የሚገቡት ትንኞች ቁጥር ቀነሰ። የዶሮን የበዓል ሰሞን ዋጋ ለሚያውቅ ታዳሚ፣ ዶሮን የመኝታ ቤት ዘበኛ የማድረግ ሐሳብ ብቻውን ሳቅ ያመጣል። አደጋው ያለውም እዚሁ ላይ ነው፤ ሰው ቤቱ ገብቶ አጎበሩን አውርዶ ዶሮ ቢሰቅል ቀልድዎ ጉዳት አደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ሳቅ ለእውነታው ያስቀምጡለት፦ ከዶሮዋ አጠገብ የተኛው ሰው ራሱ አጎበር ውስጥ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። እሸት በቆሎ መብላት ወባ ያመጣል የሚለውን ሰው መሳቂያ እንዳያደርጉት። በቆሎ መብላት ወባ አያስይዝም፤ ነገር ግን በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች በቆሎ ሲያብብ ውሃ ላይ የሚወድቀው የአበባ ብናኝ የትንኝ እጭ ምግብ ሆኖ እድገቷን እንደሚያፋጥን አረጋግጠዋል። ገበሬው በቆሎና ወባ አብረው እንደሚመጡ በትክክል አስተውሏል፤ የሳተው ምክንያቱን ነው። መድረክ ላይ መሳቅ ካለብን፣ ያንን ምልከታ ለማጣራት ብዙ ዘመን በፈጀብን በእኛ በተማርነው እንሳቅ።

ጥያቄ፦ በጂዳ የምኖር የሦስት ልጆች አባት ነኝ። ለአበሻ ልጆች ሳይንስን የሚያስወድድ አንድ ቀን ማዘጋጀት እንፈልጋለን። ገንዘብ የለንም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ሰማዩ ራሱ ዝግጅት ይዞልዎታል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2027፣ በጂዳ ከቀትር በኋላ ጨረቃ ፀሐይን ከአምስት ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ ትሸፍናለች። ከዚያ በፊት ፀሐይ ቀስ በቀስ የምትሸፈንበት ከአንድ ሰዓት በላይ ጊዜ አለ፤ የጨዋታውና የቀልዱ ሰዓት ያ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቢቻል በጥላ ሥር ይሁን።

ከአባቶች መካከል ግዙፉን ፀሐይ ብለው ያቁሙትና ትንሿ ልጅ አንድ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ፊቱን እንድትሸፍነው ያድርጉ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ጨረቃ በስፋት ከፀሐይ 400 ጊዜ ያህል ብታንስም በዚያው መጠን ስለምትቀርበን እንደምትጋርዳት ግን ያኔ ይገባቸዋል። መዳፏን ከዓይኗ ስታርቀው የሰውየው ፊት ዙሪያውን ብቅ ይላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ በላሊበላ ሰማይ ላይ ቀለበት የታየውም ጨረቃ ራቅ ብላ ስለነበር ነው። ከቤት የፓስታ ማጥለያ ያምጡና ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው እንዲይዙት ያድርጉ፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ መሬት ላይ አንዳንድ ማጭድ የመሰለች ፀሐይ ትታያለች። በማጥለያው ቀዳዳ ወደ ፀሐይ ማየት ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ተናጋሪው ዝም ይበል፤ ቀልድም ማብራሪያም አያስፈልግም። ገንዘብ ማውጣት የግድ የሚሆነው ለግርዶሽ መነጽር ብቻ ነው፤ አይ.ኤስ.ኦ 12312-2 የተባለውን መመዘኛ ያሟላ መሆኑን አረጋግጠው ቀደም ብለው ይግዙ። ተራ የፀሐይ መነጽር ቢደራረብም አይተካውም። መነጽሩ የሚወልቀው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው በእነዚያ ደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዋ የብርሃን ፍንጣቂ ብቅ ስትል «መነጽር!» ብሎ የሚጮህ አንድ ሰው አስቀድመው ይመድቡ።