ጥያቄና መልስ፦ ማነከሱ ስለ ቆመ ድኗል?

ከአድዋ በዓል ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፈረስ እግር ናቸው።

የአራት ኪሎ አንባቢ፦ ለአልትራሳውንድ ፀጉሩ የግድ መላጨት አለበት?

አዎ። በፀጉሩ መካከል የሚቀረው አየር ምስሉን ያበላሻል፤ ፀጉሩ መልሶ ይበቅላል።

ጃንሜዳ አካባቢ ፈረስ ያላቸው አንባቢ ደግሞ ተቆጥተዋል። የካቲት 23 ቀን ወደ ምኒልክ አደባባይ ሲወጡ ፈረሳቸውን አስፋልት አዳለጠውና የፊት ግራ እግሩን አነከሰ፤ ከጉልበቱ በታች በኋላ በኩል አበጠ። ሦስት ሳምንት ሲያርፍ እብጠቱ ጎደለ፣ ማነከሱም ቆመ። ሐኪሙ ግን በአልትራሳውንድ ይታይ ብለዋቸዋል። «የዳነ እግር ምኑ ይታያል?» ይላሉ።

አልዳነም ይሆናል፤ ሐኪሙ ልክ ናቸው። ከፈረስ ጉልበት በታች ጡንቻ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ጅማትና አጥንት ነው። ሲጋልብ ክብደቱን የሚሸከሙት እነዚያ ጅማቶች ናቸው። በፊት እግር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከቆዳው ሥር ያለው ጅማት ሲሆን፣ መበጠስ የሚጀምረውም አዘውትሮ ከመሐሉ ነው። ዳር ዳሩ ደኅና ስለሚሆን ሲዳስሱት ሙሉ ይመስላል። በአልትራሳውንድ ግን ጤነኛው ክፍል ነጣ ብሎ፣ የተበጠሰው ጠቁሮ ይታያል። ራጅ ይህን አያሳይም፤ ራጅ ለአጥንት ነው።

ሕመሙ በሳምንታት ይጠፋል፤ ጅማቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈልጋል። የሚተካውም ጠባሳ ነው፤ እንደ ቀድሞው አይለጠጥም። ዛሬ ቢያስጋልቡት ትንሹ ጉዳት መላ ጅማቱን ሊበጥሰው ይችላል። ማነከስ ስላቆሙ ብቻ ተጋልበው ዳግመኛ ለሩጫ ያልበቁ ፈረሶችን በዓይኔ አይቻለሁ። እባክዎን ሳይታይ ኮርቻ አይጫኑበት። ሲያሳዩትም ጤነኛው እግር ለማነጻጸሪያ አብሮ ይታይ፤ በየሁለት ሦስት ወሩም ይደገም። መቼ እንደሚሮጥ የሚወስነው አረማመዱ ብቻ ሳይሆን ምስሉም ጭምር ይሁን።

ባበጠበት ዕለት ወዲያው ቢታይስ?

ሐኪም ይየው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምስል ግን ጉዳቱን አሳንሶ ሊያሳይ ስለሚችል ከሳምንት ገደማ በኋላ ይደገም። እስከዚያው በቀን ደጋግመው ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ውኃ ያቀዝቅዙት። ሙቅ ውኃ አይሁን።

ወጌሻ ቢያሸው፣ በጋለ ብረትስ ቢተኮስ?

በፍጹም! ትኩስ ጉዳትን ማሸት ሊያባብሰው ይችላል። ብረቱም ቆዳውን ያቃጥላል እንጂ ጅማቱን አይጠግንም። ይህን ስንት ጊዜ ልጻፍ?

በቅሎስ?

ያው ነው። የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

ፒያሳ ያለ የሰው ክሊኒክ ቢያየውስ?

ለእርግዝና የሚያገለግለው መመርመሪያ ጥልቅ ነገር ለማየት የተሠራ ስለሆነ ከቆዳ ሥር ያለውን ጅማት አጥርቶ አያሳይም፤ ለጅማት የድምፅ ሞገዱ ድግግሞሽ ከ7.5 እስከ 14 ሜጋኸርዝ የሚደርስ፣ ፊቱ ቀጥ ያለ መመርመሪያ ያስፈልጋል። ከመሣሪያው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ምስሉን የሚያነበው ሰው ነው። የፈረስን እግር የማያውቅ ባለሙያ ጤነኛውን ከታመመው ላይለይ ይችላል። ስለዚህ በቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አስቀድመው ደውለው ይጠይቁ። ቀጠሮ ካገኙም ፈረሱን በመኪና ጭነው ይውሰዱት፤ በእግሩ እየነዱ እንዳይወስዱት አደራ።