«ሃስል» ጣጣ ነው ወይስ ደፋ ቀና?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዷ ልጅ «መታወቂያ ማሳደስ ሃስል አለው» ስትል አማረረች። ከኋላዋ የቆመው ደግሞ «ቀኑን ሙሉ ሃስል ሳደርግ ዋልኩ» ብሎ ኮራ። ቃሉ አንድ ነው?

መልስ፦ አንድ አይደለም። ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው (የልጅቷ hassle፣ የልጁ hustle)፤ በአናባቢ የሚለያዩ። እኛ ግን ሁለቱንም አናባቢ በራብዕ እንቀበላለን። «ካሽ»ና «ባስ» በእንግሊዝኛ አናባቢያቸው ለየቅል ነው፤ አማርኛ ሲገቡ ግን አንድ ሆኑ። አንዱን በ«ሀ»፣ ሌላውን በ«ሃ» መጻፍም አያድንም፤ የ«ሀ» ግዕዝና ራብዕ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው።

ልጁ የኮራበት ከደች ቋንቋ በ17ኛው መቶ ዘመን የገባ ነው፤ መነሻ ፍቺው «መነቅነቅ»። ልጅቷ ያማረረችበት በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋ የተራ ንግግር ቃል ነው። ሥሩ አልተረጋገጠም፤ «መከራከር»ና «መታገል» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተዳቅሏል የሚሉ አሉ።

መለያው ተሳቢው ነው። «ሃስል አታድርገኝ» ካለ «አታዋክበኝ» ማለቱ ነው። «ሃስል አደርጋለሁ» ብሎ ተሳቢ ካልጨመረ ስለ ራሱ ልፋት ነው የሚናገረው።

«አማርኛ ለቀላል ችግር ቃል የለውም» የሚሉትን ግን አልቀበልም። ፎቶ መነሣት፣ ኮፒ ማስደረግ፣ ማኅተም ማስመታት፦ ይህ ጣጣ ነው። ያለ ጥፋትዎ ለአንድ ፊርማ ሦስት ቀን ቢመላለሱ እንግልት ነው። ደላላ እጅዎን ይዞ ቢጎትትዎ ወከባ ነው። እንግሊዝኛው ሦስቱንም በአንድ ቃል ይጠቀልላል፤ የኛ ይለያል።

ደግሞ «ውጣ ውረድ»ን ይመልከቱ። ሁለቱም ትእዛዝ አንቀጽ ናቸው፤ ውጣ የሚልህ፣ ውረድ የሚልህ ሌላ ሰው ነው። «ደፋ ቀና» ግን በኀላፊ አንቀጽ ቆሟል፤ የደፋውም የቀናውም ሠራተኛው ራሱ ነው። ስለዚህ ለልጅቷ «ውጣ ውረድ»፣ ለልጁ «ደፋ ቀና»! «የሕይወት ውጣ ውረድ ሲባል አዛዡ ማን ነው?» ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። ሙግቱ ትክክል ነው፤ አጠቃቀሙ ከቅርጹ ርቋል። ቢሆንም ልዩነቱ ለጆሮዬ ዛሬም ሕያው ነው፤ አልተወውም።

ለልፋቱ «ሃስል» በወጣቱ አፍ ጸንቷል፤ ባልወደውም ከንግግር አይነቀልም። ለችግሩ ግን ገና ሥር አልሰደደም። ማስታወቂያ የምትጽፉ፣ «ያለ ምንም ሃስል» የምትሉትን «ያለ ምንም ጣጣ» በሉት፤ ፊደሉም አይበዛባችሁም።