አንባቢ ይጠይቃል፦ ሲሄድ ያርፋል፣ ሲመለስ አያርፍም፤ ለምን?

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስንበር ደብሊን (አየርላንድ) ወይም ሎሜ (ቶጎ) ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ሲታረፍ አይተናል። ስንመለስ ግን በቀጥታ ቦሌ እንገባለን። ርቀቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከመነሻው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲሆን አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ዝቅተኛ ቦታ ላይ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚነሣ አውሮፕላን ቦሌ ላይ 310 ገደማ መድረስ አለበት። አብራሪው በዚያ ፍጥነት መነሣቱን ሰርዞ ቢያቆም፣ ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት በሲሶ ያህል ይጨምራል። ጎማውም የራሱ የፍጥነት ገደብ አለው፤ ለትልልቅ ጄቶች ብዙውን ጊዜ በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ሲነሣ አንዱ ሞተር ቢጠፋበት፣ እግሮቹን ከሰበሰበ በኋላ በቀረው ሞተር ብቻ ቢያንስ 2.4 በመቶ፣ ማለትም በየ1,000 ሜትሩ 24 ሜትር፣ ሽቅብ መውጣት መቻል አለበት። በሳሳ አየር ይህን ለማሟላት ክብደት መቀነስ ግድ ይሆናል።

የቦይንግ 787-8 የመነሻ ክብደት ጣሪያ 228 ቶን ገደማ ነው። ታንኩ ከሞላ ነዳጁ ብቻ 100 ቶን ያህል ይመዝናል፤ በሰዓት ወደ 5 ቶን ይፈጃል። 10 ቶን ነዳጅ ቀርቶ ቢነሣ የሁለት ሰዓት በረራ ይጎድለዋል። ነዳጁ አይጉደል ከተባለ ደግሞ 100 ያህል መንገደኞች ከነሻንጣቸው ይቀራሉ። አርፎ መቅዳት የማረፊያ ክፍያና ጊዜ ቢያስወጣም ከዚህ ይሻላል። ደብሊንም ሎሜም ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይርቁም፤ ከዚያ ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ይቻላል።

የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርትም እንዲሁ ዝቅተኛ ነው። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስ ሲሄድ ከፊት የገጠመውን አውሮፕላን ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጅ ስለተጠቀመ ቀሎ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማኮብኮቢያውን ማርዘም አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ አጭር አይባልም። ርዝመቱ ለመንደርደርና ለማቆም ይጠቅማል እንጂ በአንድ ሞተር ሽቅብ መውጣትን እምብዛም አያግዝም። የሚረዳው ቀዝቃዛ ሰዓት (ረጃጅም በረራዎች በምሽት መነሣታቸው ከዚህም አንጻር ይጠቅማል) ወይም ዝቅ ያለ ቦታ ነው። አዲሱ ኤርፖርት የታቀደበት የቢሾፍቱ አካባቢ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ አየሩ በ4 በመቶ ያህል ይወፍራል። ጥሩ ነው፤ ተአምር ግን አይጠበቅ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ድሪምላይነር (ቦይንግ 787) ከሌላው ያነሰ ያደክማል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ መሠረት አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነርን በ2012፣ ኤርባስ ኤ350ን በ2016 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ ተረክቧል። የሁለቱም አካል በአብዛኛው ከካርቦን ፋይበር ስለተሠራ የውስጥ ግፊትን በደንብ ይቋቋማል። ስለዚህ በካቢኑ ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ አየር ጋር ይመሳሰላል፤ በብዙዎቹ ቀደምት ጄቶች እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ነገሩ ይገለበጣል፦ 12,000 ሜትር ላይ ሆኖ የሚተነፍሰው አየር ከቦሌው ይወፍራል። ጆሮ የሚደፈነው ይበልጡን ዝቅተኛ ቦታ ለማረፍ ሲወረድ ነው። ያኔ ማስቲካ ማኘክ ወይም ደጋግሞ መዋጥ ይረዳል፤ ሕፃን የያዘች እናት ቁልቁል ሲጀመር ጡት ወይም ጡጦ ትስጠው።