«አብሽር» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ከደሴና ከኮምቦልቻ የተውጣጡ አሥራ ስምንት ተማሪዎች ከኮምቦልቻ አጠገብ ባለው በየጎፍ ተራራ ደን ግርጌ ድንኳን ተክለው ሁለት ሌሊት ሲያድሩ አብሬያቸው ነበርኩ። የተጠራሁት ካርታና ኮምፓስ እንዳስተምራቸው ነው። የሥራ ዘመኔን በሙሉ በመንገድ ቅየሳ ስላሳለፍኩ ከዚያ የተሻለ የማካፍለው ነገር የለኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። ከተመለስኩ ወዲህ ግን ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ የአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተረከዝ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም በእሱ ምክንያት ነው።

ልጅቱ የደሴ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ድንኳን ሲተከል ካስማውን ከወንዶቹ ቀድማ የምትመታ። እናቷ ለዚህ ጉዞ ብለው አዲስ ሸራ ጫማ ገዝተውላታል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከጥዱና ከወይራው መሀል የምታልፈውን ቀጭን መንገድ ይዘን ዳገቱን ስንጀምር ጫማው ገና እግሯን አልለመደም ነበር። በመጀመሪያው ዕረፍት አስተባባሪው «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ሲል «አብሽር!» አሉት በአንድ ድምፅ። በሁለተኛው ዕረፍት ልጅቱ ከሌሎቹ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ስታላላ አየኋት። ጠጋ ብዬ «እግርሽን ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ምንም ጋሼ፣ አብሽሩ» ብላ ፈገግ አለችና ተነሣች። እኔም አመንኳት። «በይ ጫማሽን አውልቂና አሳዪኝ» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱን ስንጀምር ማነከስ መጣ። ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት እየተንሸራተተ በየእርምጃው ከጫማው ጋር ይፋተጋል። መጀመሪያ ከመሀል ነበረች፣ ቀጥሎ ከኋላ ሆነች፣ ከዚያ ከሁላችንም ተነጥላ ቀረች። እሷን ስንጠብቅ የበልግ ደመና ተራራውን ሸፈነውና ዝናቡ ያዘን። ጨለማው ከካምፑ ሳንደርስ ወረደብን። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም፤ ይህን በካርታ ትምህርቱ ላይ ነግሬያቸው ነበር፤ በእግራቸው ተማሩት። የእጅ ባትሪ የያዙት አራት ልጆች ብቻ ነበሩ። ሁለት ሰዓት ዘግይተን፣ ሁላችንም ርሰን፣ አንድ ልጅም ጭቃ ላይ ወድቆ የእጁ አንጓ አብጦ ገባን።

እሳቱ ዳር ጫማዋን ስናወልቅ ካልሲው ከተረከዟ ጋር ተጣብቆ ነበር። አንዷ አስተማሪ ለብ ያለ የጨው ውሃ በሣህን አቅርባ እግሯን ነከረችላት፤ ካልሲው ቀስ በቀስ ሲላቀቅ ከሥሩ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ቆዳ ተገሽልጦ ሥጋው ቀልቶ ታየ። ልጅቱ ታለቅስ ነበር፤ ግን ስለ ሕመሙ አልነበረም። ያበጠ እጁን በሻሽ ጠቅልሎ ከፊቷ የተቀመጠውን ልጅ እያየች «ጠዋት እኮ ትንሽ ነገር ነበረች» አለች። «ትሞቀኝ ነበር እንጂ አታመኝም ነበር። ያኔ ብናገር...» አለችና አልጨረሰችውም።

ልክ ናት። ጠዋት ላይ ቆዳው ሲግል አንዲት ቁራጭ ፕላስተርና ደረቅ ካልሲ ይበቃት ነበር፤ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ።

አሁን ስለዚያች ቃል ልንገራችሁ። እኔ የወሎ ሰው ነኝ፤ «አብሽር» የሚለውን ቃል ከእናቴ ወተት ጋር ነው የጠጣሁት። ለቅሶ ቤት ገብተን አብሽር እንላለን፣ ለታመመ እንላለን፣ ልጁን ወደ ሩቅ አገር ለሸኘ እንላለን። ከዓረብኛ መጥቶ እስላሙም ክርስቲያኑም እኩል የሚያወርሰው ቃል ነው። እንደ እኔ ግን ይህ ቃል የሚሰጠው ለሌላ ሰው ነው። የጨነቀው ሰው እንዲጽናና እንለዋለን። የራሳችንን ቁስል መሸፈኛ ስናደርገው ቃሉንም ራሳችንንም እንበድላለን። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ደግሞ ያግዘዋል፦ ጓደኞቼን አስቆማለሁ፣ ደካማ ይሉኛል፣ ሴት ስለሆነች ነው ይላሉ። ልጅቱን ዝም ያሰኛት ይኸው ነው። ነግራኛለች።

እኔም ዝም ብዬ አውቃለሁ፤ እንዲያውም ከእሷ በባሰ ሁኔታ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ነሐሴ ውስጥ ከደሴ በላይ፣ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ወደ ገራዶ በሚያወርደው በኩል እንሠራ ነበር። ከኔ ጋር የነበሩት የአባቴ እኩያ የሚሆኑ የአካባቢው ሰው ናቸው፤ ሜትር የሚስቡልኝና ችካል የሚተክሉልኝ። ከቀትር በኋላ ጉሙ መጣና ሁሉን ዋጠው። ኮምፓሴን አውጥቼ አቅጣጫ ያዝኩ። የያዝኩት ግን የብረት ሜትሩን በሌላው እጄ እንደጨበጥኩ ነበር። ብረት መርፌዋን ይስባታል፤ አንድ ጀማሪ ቀያሽ በመጀመሪያ ሳምንቱ የሚማረው ነገር ነው። ግማሽ ሰዓት ከሄድን በኋላ መንገዱ እንዳልሆነ ገባኝ። ቁልቁለት መሆን የነበረበት ዳገት ሆነ። ልቤ አወቀው፤ አፌ ግን «በዚህ ነው» እያለ ቀጠለ። በኋላ ስለካው በካርታው ላይ የሳትኩት ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። በ1፡50,000 ካርታ አንድ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ እንግዲህ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ያውም ገደል ያለበት።

አንድ ዋሻ መሰል ድንጋይ ሥር አደርን። ልብሴ ረጥቧል። እጅግ ተንቀጠቀጥኩ፤ ሌሊቱ ሲጋመስ መንቀጥቀጡ ቆመ። እኔ የተሻለኝ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ግን ምን እንደሆነ ያውቁ ነበርና እርጥብ ልብሴን አስወልቀው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው ያቆዩትን ደረቅ ቡልኮ ለሁለታችን አልብሰው፣ ጀርባዬን ደረታቸው ላይ አድርገው እስኪነጋ ያዙኝ። ንጋት ላይ ጉሙ ሲገለጥ «እኔማ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አውቄው ነበር» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው። «እርስዎ መሣሪያውን ይዘው እኔ ምን ብዬ ልናገር?»

እኔ እንዳላወቅኩ መናገር አፍሬ፣ እሳቸው እንዳወቁ መናገር አፍረው፣ ሁለታችንም ልንሞት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኔ ጋር ለሚሠራ ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት «ስሳሳት ካየኸኝ ንገረኝ፣ አልቆጣም» ሳልል ሥራ ጀምሬ አላውቅም። ሳልቆጣ መቅረቱ ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የወጣቶች የጉብዝናና የፈተና ካምፕ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እንደ ፈረንጆች በ1941፣ ኩርት ሐን የሚባል መምህርና ሎረንስ ሆልት የተባለ የመርከብ ድርጅት ባለቤት ዌልስ ውስጥ አበርዶቪ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አውትዋርድ ባውንድ የሚባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሆልትን ያሳሰበው መርከብ ሲሰጥም በነፍስ አድን ጀልባ ላይ የሚቀሩት መርከበኞች ጉዳይ ነበር፤ ጎረምሶቹ እየሞቱ በዕድሜ የገፉት ይተርፉ ነበር ይባላል። ጉልበት ያለው ማን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ትልልቆቹ የነበራቸው ሌላ ነገር ነው፦ አቅማቸውን መለካት፣ መቆጠብ፣ እርስ በርስ መጠባበቅ። ካምፕ የምትሄዱት ይህን ለመማር ነው እንጂ ማን ቀድሞ ጫፍ እንደደረሰ ለማወቅ አይደለም። እኔ እንዲህ አምናለሁ፤ የካምፕ አስተባባሪዎች ውድድር ሲያበዙ ደስ አይለኝም።

እናንተ ደግሞ ሌላ ሸክም አለባችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲነካ ብዙዎቻችሁ ልጆች ነበራችሁ። ያን ጊዜ ወላጆቻችሁ እንዳይጨነቁ ብላችሁ «ደህና ነኝ» ማለት የለመዳችሁ አላችሁ። እሳቱ ዳር ከነበሩት ልጆች አንዱ ይህንኑ ነግሮኛል፤ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። ያኔ ዝም ማለታችሁ ፍቅር ነበር። አሁን ግን ተራራ ላይ ከጓደኛችሁ የሚፈለግባችሁ ፍቅር ተቃራኒው ነው። ከዚሁ ሳልወጣ፦ ደን ውስጥም ሆነ ገደል ሥር የማታውቁት ብረት ብታዩ ያልፈነዳ የጦር መሣሪያ ሊሆን ይችላልና አትንኩ፣ በእግራችሁም አትምቱ፤ ቦታውን ለይታችሁ ለትልልቅ ሰዎች ተናገሩ። ከመውጣታችሁ በፊትም የአካባቢውን ገበሬ ጠይቁ።

እንዴት እንናገር ለምትሉ፣ አጭር አድርጉት። «ተረከዜን እየላጠኝ ነው።» «በርዶኛል።» «ውሃዬ አልቋል።» «መንገዱ ይህ አይመስለኝም።» ምክንያት መደርደርና ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። ቀደም ብላችሁ ተናገሩ፤ እግር ሲሞቅ እንጂ ሲደማ አይደለም፤ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እንጂ ሲቆም አይደለም። በብርድ የተንቀጠቀጠ ሰው ድንገት መንቀጥቀጡን ካቆመና ንግግሩ ከተምታታ አደጋ ላይ ነው፤ እርጥቡን አውልቁለት፣ በደረቅ ጋቢ ጠቅልሉት፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትኩስ ሻይ በስኳር ስጡት፤ ብቻውንም አትተዉት፣ ሐኪም ጋ እስኪደርስ።

የኮምቦልቻ ልጆች ይህን በተለይ ልብ በሉ። ከተማችሁ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። በየሺህ ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ብቻ አራት ዲግሪ ጥላችኋል ማለት ነው፤ ተራራው ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት የታሸገ ቦርሳ ለሌሊቱ አይበቃም።

ሰሚው ላይም ሥራ አለ። አስተባባሪ የሆናችሁ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ብላችሁ በጅምላ አትጠይቁ፤ መልሱ አንድ ብቻ ነው። አንድ በአንድ ጠይቁ፣ ጫማ አስወልቁ፣ ኮዳውን አንሡና ክብደቱን እዩ። ቀርፋፋውን ከፊት አድርጉት፤ ከኋላ የቀረ ሰው እናንተ ስታርፉ ይደርሳል፣ እሱ ሲደርስ እናንተ ትነሣላችሁ፣ ስለዚህ ከሁሉም በላይ የደከመው ሰው ጭራሽ አያርፍም። ደከመኝ ያለ ልጅ ላይ የሳቀ ሰው ደግሞ የቀሩትን አሥራ ሰባቱን አፍ ዘጋ።

ድንኳን የወንዝ ዳር አሸዋ ላይ አትትከሉ፤ አሸዋው ደረቅና ለስላሳ ስለሆነ ያጓጓል። ቦርከና ከኩታበር በኩል ተነሥቶ ደሴን አልፎ በዶሮ መዝለያ ገደል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ላይ ደሴ ከዘነበ ደራሽ ውሃው ሳታስቡት ይመጣል። መብረቅ ካያችሁ እስከ ነጎድጓዱ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሠላሳ ሳይሞላ ከሰማችሁ ከጫፉ ውረዱ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ አስፋልቱ ስንወርድ ልጅቱ ተረከዟ በሻሽ ታስሮ፣ ካንዷ ጓደኛዋ በተዋሰችው ሸበጥ ከፊት እንድትሄድ አደረግን። እርምጃው የእሷ ሆነ፤ ማንም አልቀደማትም። ግማሽ መንገድ ላይ ከኮምቦልቻ የመጣ፣ ሁለቱን ቀን ሙሉ የሌሎችን ቦርሳ ሲሸከም የዋለ አንድ ጠንካራ ልጅ ቆመና «ጉልበቴ እምቢ አለኝ፤ ትንሽ እንረፍ» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። የሳቀ አልነበረም። ልጅቱ ዞር ብላ አየችውና እዚያው መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሁላችንም ተቀመጥን። ከቦርሳዋ የተረፈውን ዳቦ ቆሎ አውጥታ ከእሱ ጀምራ አዞረች።